ርካሽ ኪራይ ስንት ያስከፍላል?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን የኪራይ ቤት ነው። «ሐኪም ስለ ቤት ኪራይ ምን አገባው?» ይሉኝ ይሆናል። መልሱን ከአንዲት ሕፃን ልጀምር።

በቅርቡ ዲላ ውስጥ በምሠራበት ጤና ተቋም አንዲት ወጣት እናት የስምንት ወር ሴት ልጇን ታቅፋ መጣች። ሕፃኗ ትስላለች፤ ትንፋሿም ይፈጥናል። ልብሷን ገልጬ ደረቷ ከፍና ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ 58 ሆነ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ሳል ካለ፣ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ካርዷን ሳገላብጥ በአራት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቷ ነበር። ክትባቷ የተሟላ ነው፤ ጡት ትጠባለች፤ ክብደቷም ደህና ነው። መድኃኒቷን በአግባቡ ትወስዳለች፣ ትድናለች፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሳ ትታመማለች።

«ምግብ የምታበስሉት የት ነው?» ስል ጠየቅኳት።

«እዚያው ክፍላችን ውስጥ ነው ዶክተር፤ በከሰል።»

«መስኮት አለው?»

«አንድ አለ። ግን ከጎረቤት ግንብ ጋር ስለተጣበቀ አይከፈትም።» ትንሽ ዝም አለችና «ቤቱ ግን ርካሽ ነው። የምንከፍለው 1,500 ብር ነው። ሌላ ያየነው 2,000 ነበር» አለችኝ።

አብረን አሰላን። በወር 500 ብር፣ በአራት ወር 2,000 ብር ቆጥበዋል። በሌላ በኩል ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለባጃጅ ያወጡትን፣ እንዲሁም የቀን ሥራ የሚሠራው ባለቤቷ ከልጁ ጋር ሲንከራተት የቀረበትን የቀን ገቢ በጣቷ እየቆጠረች ደመረች። ከ3,000 ብር አለፈ። «ታዲያ ቤቱ ርካሽ አልነበረም ማለት ነው» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ።

ይህን የምጽፈው እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም። ገቢው የሚፈቅድለትን ቤት መከራየት ጥፋት አይደለም። ጠባብና ርካሽ ቤት ሁሉ ያሳምማል ማለትም አይደለም። በአንዲት ንጹሕ ክፍል ልጆቹን በጤና ያሳደገ ወላጅ ብዙ ነው። ጥያቄው ከርካሾቹ ቤቶች መካከል የትኛው በኪራዩ ላይ የሕክምና ወጪ እንደሚጨምርብን፣ የትኛው ደግሞ እንደማይጨምርብን እንዴት እንለይ የሚለው ነው።

ከተማዋና ቤት ፈላጊዎቿ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን መቀመጫ ናት። ቤት ፈላጊ አጥታ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪና መምህር ያመጣባታል፤ የቡና ወቅት በመጣ ቁጥር ሠራተኛና ነጋዴ ይጎርፍባታል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነሐሴ 2015 ዓ.ም ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ ተቋማት ከተደለደሉባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለችና የመንግሥት ሠራተኛውም ተጨምሯል። የጌዴኦ ዞን ራሱ በሀገራችን ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች ግንባር ቀደሙ ነው።

ፈላጊ ሲበዛ በየግቢው ጓሮ ክፍሎች ይቀጠላሉ። ከዋናው ቤት ኋላ አራት አምስት ሰርቪስ ክፍሎች፣ አንድ የጋራ መጸዳጃ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ። ሐዋሳም፣ ወላይታ ሶዶም፣ አዲስ አበባም ቢሆን ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ የሚያየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ምሳሌዬ ዲላ ትሁን እንጂ ምክሩ ለሁሉም ይሆናል።

እኔም ተታልያለሁ

እውነቱን ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የተከራየሁትን ክፍል የመረጥኩት በዋጋው ብቻ ነበር። ያየሁት በጥር ነው፤ ግቢው ደረቅ፣ ግድግዳው አዲስ ኖራ የተቀባ። የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከላይኛው ግቢ እየወረደ በሬ ሥር ተኛ። ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጠበ፤ በአልጋው በኩል ጥቁር ሻጋታ ወጣ። የጉድጓድ መጸዳጃውም ሞልቶ ፈሰሰ። ሁለት ወር ሙሉ ሳልኩ። ቀን ቀን ለታካሚዎች ስለ እርጥበትና ስለ ንጽሕና እመክራለሁ፤ ማታ ማታ እርጥብ ግድግዳ ተደግፌ እተኛለሁ። አከራዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እኔ ሳላይ ገባሁ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ቤት የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ የቤቱን ጉድለቶች በሁለት ይክፈሏቸው። አንደኛው በጥቂት ብርና በአንድ ቀን ሥራ የሚስተካከል ጉድለት ነው፤ ሌላው ተከራይ በምንም መንገድ ሊያስተካክለው የማይችል። የቆሸሸ ግድግዳ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የሚያፈስ አንድ ቆርቆሮ፣ ትኋን ሳይቀር ይስተካከላሉ። ቤቱ የተሠራበት ረባዳ ቦታ፣ ከግንብ ጋር የተጣበቀ መስኮት፣ ከውሃ ጉድጓዱ በላይ የተቆፈረ መጸዳጃ፣ ከጎን ያለው ጭፈራ ቤት ግን አይስተካከሉም። ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቀለሙ ስላልማረከን ደህናውን ቤት እንተዋለን፤ ቀለሙ ስላማረን የማይስተካከለውን እንከራያለን።

ሦስት ጊዜ ይሂዱ

ደላላው «አሁን ካልያዙት ያመልጥዎታል» ይልዎታል። ከቻሉ ግን ቤቱን ሦስት ጊዜ ይዩት።

በመጀመሪያ ቀን ላይ፣ በተለይ እኩለ ቀን ገደማ ይሂዱ። መብራት አጥፍተው በሩን ይዝጉ። በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ጋዜጣ ማንበብ ይችላሉ? ካልቻሉ ክፍሉ ብርሃን ብቻ ሳይሆን አየርም ይጎድለዋል። የብዙ ሀገሮች የግንባታ ደንቦች የመስኮት ስፋት ከወለሉ ስፋት ከ8 እስከ 10 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ለሆነ ክፍል ይህ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚያህል መስኮት ማለት ነው። ትልቁ ነገር ግን መከፈቱ ነው። የማይከፈት መስኮት ለሳንባ ከግድግዳ አይለይም።

ሁለተኛ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሂዱ። ሙዚቃው ምን ያህል ነው? የሞያሌ መስመር ከባድ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ያልፋሉ? ወደ መጸዳጃው የሚያስኬደው መንገድ መብራት አለው? እንቅልፍ ማጣት እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ የደም ግፊትን፣ ጭንቀትንና የሥራ ላይ አደጋን ያባብሳል። መንገዱ ጨለማ ሆኖ ሌሊት ለመውጣት የምትፈራ ሴት ደግሞ ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች፤ ሽንቷንም ትይዛለች። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መደጋገም ይህ አንዱ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ይሂዱ። የጌዴኦ ምድር ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ የላይኛው ግቢ ውሃ የታችኛው ግቢ እንግዳ ነው። የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ? ውሃው የሚያልፈው በቤቱ ኋላ ነው ወይስ በበሩ? በደረቅ ወቅት ከሆነ የሚፈልጉት፣ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ይመልከቱ። ከወለሉ በላይ በአግድም የተሰመረ የውሃ ምልክት፣ የተላጠ ቀለም፣ አዲስ ኖራ ከታች ብቻ የተቀባበት ቦታ ካለ ግድግዳው ያለፈውን ክረምት እየነገርዎት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ከዚያው ግቢ ተከራዮች አንዱን «ሲዘንብ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከአከራይና ከደላላ ይልቅ እውነቱን የሚነግርዎት ጎረቤት ነው።

ጭስና አየር

ወደ ሕፃኗ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ለሚነድ ማገዶና ከሰል ጭስ መጋለጥ ሕፃናት በሳንባ ምችና በመሰል በሽታ የመያዝ ዕድላቸውን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ አየር ብክለት ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው እንዳለፈ ገምቷል። የዚያች ክፍል ችግር ጠባብነቷ አልነበረም፤ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ማጣቷ ነበር።

ከሰል ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ደህና ከተቀጣጠለ በኋላ አይጨስምና «ጠርቷል» ብለን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን። ያን ጊዜ ነው ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ የሚያሰጋን። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከደማችን ጋር ይያያዛል፤ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቶቹ ናቸው። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ወደ ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሰሉ ነው። ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ ራሱን የሳተ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱ። ማንደጃ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መተኛት ግን በፍጹም አይደረግም። ለብርድ ተብሎ፣ ለቡና የተያያዘው ፍም ቀርቶ፣ አንድ ቤተሰብ እንዳለ ሊያልቅበት ይችላል።

ስለዚህ ቤት ሲያዩ «ማብሰያ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከ«ስንት ነው?» ቀጥሎ ይምጣ። በግቢው ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰች፣ በሁለት ወገን ክፍት የሆነች የጋራ ማድ ቤት ያላት ክፍል፣ ማድ ቤት ከሌላት ሰፊ ክፍል ትሻላለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ለመጠቀም ካሰቡ ደግሞ ቆጣሪው የጋራ መሆን አለመሆኑን፣ መስመሩም መሸከም መቻሉን ይጠይቁ። በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ምድጃና ምጣድ መደራረብ የእሳት አደጋ መነሻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ እናቶች «ልጁን ንፋስ ይመታዋል» ብለው ያለውንም መስኮት በጨርቅና በላስቲክ ይደፍናሉ። ልጁን ከብርድ መጠበቅ ትክክል ነው። ከብርድ የሚጠብቀው ግን ልብስና ብርድ ልብስ ነው እንጂ የታፈነ አየር አይደለም። ጠዋትና ከሰዓት መስኮትና በሩን ከፍተው አየሩን ያስለውጡ።

ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ?

ኪራይ ለመጋራት ሲባል በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሰው መኖር በከተሞቻችን የተለመደ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ መኖርን መጨናነቅ ይለዋል። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ነው። ንጹሕ አየር በማይገባበት ክፍል የታማሚው ሳል በአየር ላይ ያስቀረውን ተህዋስ ሌሎቹ ደጋግመው ይተነፍሱታል። አየር የሚዘዋወርበትና ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ይህን አደጋ ይቀንሳል።

ቁጥራችሁን መቀነስ ካልቻላችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አልጋዎቹን በተቻለ መጠን በመስኮቱ በኩል አድርጉ። ሁለተኛ፣ ከመካከላችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ካለ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ይመርመር። በመንግሥት ጤና ተቋማት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በነጻ ነው።

ውሃና መጸዳጃ

ውሃው ከየት ይመጣል? ቧንቧ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሲጠፋስ ተከራዮች ከየት ይቀዳሉ? የግቢ ጉድጓድ ከሆነ መጸዳጃው የት እንዳለ በዓይንዎ ይፈልጉ። በተለምዶ የሚመከረው ርቀት ቢያንስ 30 ሜትር ነው። ርቀቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ዳገቱንም ይዩ። መጸዳጃው ከላይ፣ የውሃ ጉድጓዱ ከታች ከሆነ የማይስተካከል ጉድለት ነውና ያንን ውሃ ሳያክሙ አይጠጡ።

ማከሚያው ቀላል ነው። ውሃውን አፍልተው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ያቆዩት። እንደ ቡሌ ባሉ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ በሚሉ የደጋ አካባቢዎች ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ያድርጉት። ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ ከተጠቀሙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉና ከመጠጣትዎ በፊት 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የታከመውን ውሃ ክዳን ባለው ጀሪካን ያስቀምጡ፤ ኩባያ እየነከሩ አይቅዱ።

መጸዳጃውን ሳያዩ ውል አይፈርሙ። አከራዩ ቁልፍ የለም ቢልዎት እንኳ ይጠብቁ። ለስንት ሰው ነው? ለተፈናቃይ መጠለያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መለኪያ እንኳ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል። ከዚያ በታች የወረደ ግቢ ሲያዩ ይጠንቀቁ። ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ያስመጥጣል? ወጪውን ማን ይከፍላል? በአጠገቡ እጅ መታጠቢያ ውሃ አለ? ተቅማጥ፣ ታይፎይድና የሆድ ትላትል ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሻገሩት በዚህ በኩል ነው። በሕፃናት ላይ ተደጋጋሚ ተቅማጥ ዕድገትን ጭምር ያጓትታል።

የሰፈሩ ነገር

ክፍሉን ብቻ ሳይሆን መንደሩን በእግርዎ ይዙሩት። በኪራይ የሚያገኙት አራቱን ግድግዳ ብቻ አይደለምና።

ዲላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለች ናት። በሀገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች ወባ ሊከሰትባቸው እንደሚችል ይታሰባል። ያቆረ ውሃ፣ የተደፈነ ቦይ፣ ጡብ የተመረተበት ጉድጓድ በአቅራቢያ ካለ የትንኝ ቤት ነው። ክዳን የሌለው በርሜልና ያረጀ ጎማም ቢሆን ትንኝ ያራባል። እ.ኤ.አ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተገኘችው «አኖፌለስ ስቴፈንሲ» የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ መራባት የምትችል ናት። ይህ ጉድለት ግን በአብዛኛው ይስተካከላል፤ በርሜል ይከደናል፣ ጎማ ይወገዳል፣ አጎበር ይሰቀላል።

ጌዴኦ የቡና ሀገር ነው። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና እንሰት አብረው የሚለሙበት መልክዓ ምድሩ እ.ኤ.አ በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡናው እንጀራችን ነው። ነገር ግን ቤት የሚያዩት ቡና በማይታጠብበት ወቅት ከሆነ፣ በአቅራቢያው የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንዳለና ፍሳሹ የት እንደሚወርድ ይጠይቁ። ከቡናው የተላጠው ገፈት የሚበሰብስበት ውሃ ይሸታል፤ ዝንብ ይጠራል፤ ወንዝንም ይበክላል። ደረቅ ቡና የሚፈለፈልበትና የሚበጠርበት ቤት አጠገብ ደግሞ ብናኝ አለ። አስም ላለበት ሰው ይህ የማይስተካከል ጉድለት ነው፤ አስም ለሌለበት ግን ሊታለፍ ይችላል። የሰውየው ጤና ሲለያይ የቤቱ ዋጋም ይለያያል።

በዚሁ ሒሳብ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ጋር ያለውን ርቀት ይመልከት። ሌሊት ባጃጅ እስከ በሩ ይገባል? አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው ደረጃውንና የሚያንሸራትተውን መንገድ ይይ። ልጆች ያሉት መጫወቻ ቦታቸውንና የመኪና መንገዱን ይይ። ለላጤ የተስማማ ክፍል ለቤተሰብ ላይስማማ ይችላል።

ከመፈረም በፊት

በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ተፈጻሚ ነው። በእርስዎ ከተማ መጀመር አለመጀመሩን ከማዘጋጃ ቤት ይጠይቁ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን እንደ ሐኪም አንድ ነገር እመክራለሁ። የሚስተካከሉትን ጉድለቶች ከመፈረምዎ በፊት በውሉ ውስጥ ያስገቧቸው፦ የተቸነከረው መስኮት እንዲከፈት፣ የሚያፈሰው ቆርቆሮ እንዲቀየር፣ መጸዳጃውን የሚያስመጥጠው ማን እንደሆነ። ከገቡ በኋላ ከመጨቃጨቅ ከመግባትዎ በፊት መነጋገር ይቀላል። ብዙ አከራዮችም በአግባቡ ሲጠየቁ እሺ ይላሉ።

ገብተው ከሆነስ?

«እኔ እኮ ገብቻለሁ፤ ሌላ ለመከራየትም አቅም የለኝም» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለእርስዎም መንገድ አለ። ማንደጃውን ዛሬውኑ ወደ ውጭ ያውጡ፤ ዝናብ ከሆነም በበረንዳ ያብስሉ፣ ሕፃናትን ከጭሱ ያርቁ። አልጋውን ከእርጥብ ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ያርቁ። ውሃ ያክሙ፤ አጎበር ይስቀሉ። ከግቢው ተከራዮች ጋር የመጸዳጃ ጽዳት ተራ ያውጡ፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስትመጣም በር ይክፈቱላት፣ ችግሩን ያሳዩአት። ከአከራዩ ጋር አንድ ሰው ብቻውን ከሚነጋገር አምስት ተከራይ አብሮ ቢነጋገር ይሰማል። ከሁሉ በፊት ግን የልጆችዎን ትንፋሽ መቁጠር ይልመዱ። ከሁለት ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ከወትሮው ከደነዘዘ ደግሞ ቁጥሩንም አይጠብቁ።

የሕፃኗ ወላጆች ወዲያው ቤት መቀየር አልቻሉም። ያን ቀን የተነጋገርነው ስለ ማንደጃው ነበር። አባትየው ከአከራዩ ፈቃድ ጠይቆ በግቢው ጥግ ሁለት ቆርቆሮ አጋድሞ ማብሰያ ሠራ። ከበሩ በላይ ያለውንም ግድግዳ በስቶ አየር ማስገቢያ አወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ባለ 2,000 ብሩን የመሰለ፣ በምሥራቅ በኩል መስኮት ያለው ክፍል አግኝተው ገቡ። ልጅቷን መጨረሻ ያየኋት በዘጠኝ ወሯ ለኩፍኝ ክትባት ስትመጣ ነው፤ ያኔ ገና በአሮጌው ቤት ነበሩ፤ ግን አትስልም ነበር። ሳሉ የጠፋው በማንደጃው መውጣት ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ሕፃናት በብዙ ምክንያት ይታመማሉ፣ በብዙ ምክንያትም ይድናሉ። እናትየው ግን «ዶክተር፣ አዲስ ቤት ስናይ መጀመሪያ የከፈትኩት መስኮቱን ነው» ብላ በስልክ ነግራኛለች።

እርስዎም ውድ አንባቢ፣ ነገ ደላላ ቁልፍ ይዞ ከፊትዎ ሲቆም ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት መስኮቱን ይክፈቱት። ቸር ይግጠመን።